ምረቃው የማን ነው? ከኮሌጅ ቀን እስከ ጂሲ ሰሞን



ለዚህ እትም መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ርዕስ ነበር። ግን ሰኔ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ከፈተናና ከጂሲ ሌላ ምን ወሬ አለ? ላውንጅ ቁጭ ብትሉ ስለ ቲሸርት ቀለም፣ ዶርም ብትገቡ ስለ ሱፍ ኪራይ፣ ላይብረሪ ገብታችሁ እንኳ የምትሰሙት ሹክሹክታ ስለ መጽሔት መዋጮ ነው። እኔም አምና በዚህ ሰሞን ከአውሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። እንዲያውም የክፍላችን የጂሲ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ዘንድሮ እዚሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር፣ ያኔ በጥድፊያ ያለፍኩትን ነገር ረጋ ብዬ ለማየት ጊዜ አገኘሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ከአምና ጀምሮ አልለቀቀኝም። ይህ የዓመት ማብቂያ በዓላችን የማን ነው? የከፈለው ተማሪ ነው? የሁሉም ተማሪ ነው? ወይስ እኛን አስተምሮ የላከን ሰው ሁሉ ድርሻ አለው? ለዚህ መልስ ስፈልግ የአገራችን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በልጅነት ዘመኑ ዓመቱን እንዴት ይዘጋ እንደነበር ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ በመጨረሻም የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

አንድ ሥር፣ ብዙ ቅርንጫፍ

እንደ ቋንቋ ተማሪ ከቃሉ ልነሳ። "ምረቃ" የሚለው ቃል ሥሩ "መረቀ" ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "እደግ፣ ወግ ማዕረግ ይድረስህ" ሲል መረቀ እንላለን። እናቶቻችን ገበያ ወርደው ድንቹን ካስመዘኑ በኋላ "እስቲ መርቂልኝ" ይላሉ፤ ከሚዛኑ በላይ እፍኝ ጣል እንድታደርግላቸው ነው። (ጫት ላይ የተቀመጡ ጓደኞቻችን "መረቀንኩ" የሚሉትም ነገር አለ፤ እሱን ለጊዜው እንለፈው!)

ልብ በሉ፤ ሽማግሌውም ሆነ ነጋዴዋ ዘንድ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ማንም ራሱን በራሱ አይመርቅም። የእንግሊዝኛው "ግራጁዌሽን" ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ደረጃ ወይም እርከን ማለት ነው። በዚያ ቋንቋ ተማሪው ራሱ እርከኑን ይወጣል። በእኛ ቋንቋ ግን "ተመረቅሁ" ስንል ግሡ ተገብሮ ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመው በሌላ ሰው፣ በእኛ ላይ ነው።

ይህ አባባል ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጅ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይደግሳል፤ የኔታም ተማሪውን ይመርቃሉ። ቅኔ ቤት የገባ ደግሞ እየተነሳ የራሱን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይቀኛል። እንግዲህ መመረቅና ሰው ፊት ቆሞ ቃል መናገር በአገራችን አብረው የቆዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ከያዝን የኮሌጅ ቀንን መረዳት ይቀለናል።

የኮሌጅ ቀን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉስየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ተቋሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ አደገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም የስድስት ኪሎ ዋና ግቢ ሆነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ተማሪው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነበር። አዳሪ ነበር፤ መኝታውም ምግቡም መጽሐፉም በመንግሥት ነበር። የትምህርት ዓመቱ ሊያበቃ ሲል የሚከበረው ትልቁ በዓል "ኮሌጅ ደይ" ወይም የኮሌጅ ቀን ይባል ነበር። የስፖርት ውድድር አለ፣ ጨዋታ አለ፣ እንግዳ ይጠራል፤ ጃንሆይም በተማሪው በዓል ላይ የሚገኙ እንግዳ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር እሳቸው ራሳቸው ስለነበሩ ለተመራቂዎች ዲግሪ በእጃቸው ይሰጡ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የኮሌጅ ቀንን ስም ያስጠራው የግጥም ውድድሩ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ትምህርቱ ከጠዋት እስከ ማታ በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን ተማሪው መድረክ ላይ ወጥቶ በአማርኛ ግጥም ይናገራል። ለእኔ ይህ ከቅኔ ቤት የመጣውን ልማድ የሚያስታውስ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ ደፈር ያለ ነገር ቢናገር፣ ሰሙን ለብሶ እስከመጣ ድረስ፣ አዳማጩ ወርቁን እያወቀ ይታገሠዋል። የኮሌጁ ገጣሚዎችም ይህን በር ነው የተጠቀሙበት። በኋላ ግን ሰሙን እያሳሱት ሄዱ።

ደሃው ሲናገር

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ ሙከራው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። በዚያው ዓመት ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ ለኮሌጅ ቀን ያቀረበው ግጥም ርዕስ "ደሃው ይናገራል" የሚል ነበር።

ርዕሱን ብቻ አስቡት። ተናጋሪው ተማሪው አይደለም፤ ደሃው ነው። ተማሪው አንደበቱን ነው ያዋሰው። ጠግቦ የሚበላ፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ የሚተኛ ወጣት በራሱ የደስታ ቀን ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ሰው ይዞት መድረክ ላይ ወጣ። ቀኑ ለመዝናናት የተደገሰ ነው፤ ግን ያ ሁሉ ዳቦ ከማን ጎተራ እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው በመሃል ተገኘ። በእኔ ግምት የኮሌጅ ቀን ግጥሞች እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሳው በዚህ ነው። ከግጥሙ ውበት ይልቅ የበዓሉን ባለቤት መለወጣቸው ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል አልሆነም። የተማሪው ጥያቄ እየጠነከረ፣ የመንግሥት ትዕግሥት እያለቀ ሄደ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ ወጡ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ገሞራው በሚለው የብዕር ስሙ የምናውቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ "በረከተ መርገም"ን በኮሌጅ ቀን አቀረበ። ለሰው ልጅ ብዙ ሠሩ የሚባሉ ጠቢባንን እየጠራ የሚረግም ረጅም ግጥም ነው። የምርቃት ሰሞን፣ የበረከት ቀን፣ እርግማን! ርዕሱ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። ገሞራው ብዙ ዘመኑን በስደት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. በስዊድን አረፈ።

ያንን ትውልድ መላእክት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ብዙ ስህተት ሠርቷል፤ ከስህተቱ የሚበልጥ ዋጋም ከፍሏል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ቆመ፤ ምን ኮሌጅ ቀን፣ ምን ምረቃ! ቀጥሎ የመጣውን ቀይ ሽብርና እልቂት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ወዲያ የኮሌጅ ቀን በድሮ መልኩ አልተመለሰም።

የዛሬው ጂሲ

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። "ጂሲ" የሚለው ቃል "ግራጁዌቲንግ ክላስ" ከሚለው እንግሊዝኛ የተቆረጠ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ቃሉ የሰሞኑም፣ የተማሪውም፣ የበዓሉም መጠሪያ ሆኗል። "ጂሲ ነኝ" ይላል ተማሪው፤ "ጂሲ መቼ ነው?" ይላል ፍሬሹ።

ሥርዓቱ ግቢ ከግቢ ቢለያይም ዋናው መስመር ይመሳሰላል። ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር "የመቶ ቀን" ይከበራል። ከዚያ የጂሲ ካፕ እግር ኳስ አለ። የባህል ልብስ ቀን አለ፤ የአንድ ዶርም ልጆች በየአካባቢያቸው ልብስ አጊጠው ሲወጡ አገራችንን በአንድ ደረጃ ላይ ተሰብስባ ታይዋታላችሁ። የሱፍ ቀን አለ፤ ሱፉ የአንድ ሰው፣ ለባሹ አራት ሰው ነው። የቀለም ቀን አለ፤ ዱቄት ይበተናል፣ ውኃ ይረጫል፣ ነጭ ቲሸርት ላይ ጓደኛ ይፈርማል። የሃይማኖት ጉባኤያትም ለየራሳቸው ተመራቂዎች ሽኝት ያዘጋጃሉ። ከሁሉም የሚቀረው ግን መጽሔቱ ነው። ፎቶ፣ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ከሥር ደግሞ "ላስት ወርድ"።

በመጨረሻ የገዋኑ ቀን ይመጣል። ስድስት ኪሎ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ወላጅ ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተጉዞ ይመጣል፤ በሩ ላይ አበባ ሻጩና ፎቶ አንሺው ይሻማሉ። ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃም ያያል። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከድል በኋላ ኢትዮጵያውያን አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበትና ታሪኩን ገለበጡት። ተመራቂው እዚያ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ እናት ትመርቃለች። ዋናው ምረቃ እሱ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሚነበበው ማስታወቂያ ነው።

ይህ ሥርዓት ሁለት ጊዜ በቅርቡ ተናግቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ግቢዎች ሲዘጉ የዚያ ዓመት ጂሲዎች ቲሸርታቸውን ሳያስፈርሙ ሻንጣቸውን ይዘው ተበተኑ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ስለዚህ ዛሬ የቀለሙም የሱፉም ቀን የሚከበረው ዲግሪው መምጣቱ ሳይታወቅ ነው። ልጁ ይጨፍራል፤ ሆዱ ግን ፈተናው ላይ ነው። እንግዲህ በዓሉ ለዲግሪው ብቻ ከሆነ ትርጉሙ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። አብረን ለኖርንበት ዘመን ከሆነ ግን ሁሉንም አብሮ የኖረ ሰው ማካተት አለበት። አምና እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ዝርዝሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ

መዋጯችን ሦስት ሺህ ብር ነበር፤ ለመጽሔት፣ ለቲሸርት፣ ለዱቄት፣ ለሙዚቃ መሣሪያ ኪራይ። ሁለት ሳምንት ሲቀር ስድስት ልጆች አልከፈሉም። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይጠይቃል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔን ይጠይቃል። እኔ ምን አደረግሁ? የስድስቱን ስም በወፍራም ማርከር ጽፌ የዶርማችን መግቢያ በር ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ "እስከ ዓርብ ያልከፈለ መጽሔቱ ላይ አይወጣም" አልኩበት። አሪፍ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱ የለም። እንደገና ለጠፍኩ። አሁንም ተነሳ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት በማለዳ ስወጣ ዶርማችንን የሚያጸዱትን እናት ወረቀቱን ሲልጡ አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ እሱ እኮ የኮሚቴ ማስታወቂያ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ፣ አንዷ ተማሪ አንብባልኛለች" አሉኝ። መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉት። "የሰው ልጅ ስም ዕዳ ስላለበት በር ላይ ይለጠፋል እንዴ? እናቱ ብታየው ምን ትላለች?"

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እስከ ዓርብ አምስቱ ከፈሉ። ተበድረው ይሁን ስልክ ሸጠው አልጠየቅሁም። ስድስተኛው የዶርሜ ልጅ ነበር፤ አልጋው ከእኔ በላይ ነው። ለሦስት ዓመት አንድ ሽሮ ተካፍለናል። ገና በሚያዝያ ስለ መዋጮው ስጠይቀው "እኔ ፎቶ አልወድም፣ ተወኝ" ብሎኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር። ያን ዕለት ማታ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ነገረኝ። ለሱፍና ለመዋጮ ከቤት የተላከለትን ገንዘብ መልሶ ልኮታል። አባቱ ታመው ነበር። ስሙን በሩ ላይ ካየ ጀምሮ ካፌ የሚበላው ሰው ሲያልቅ ነው።

ለኮሚቴው "ከካዝናችን እንክፈልለት" ብዬ አቀረብኩ። ቀላል አልነበረም። "ለአንዱ ከተፈቀደ ተበድረው የከፈሉት ምን ይበሉን?" ያለችው ልጅ ሐቅ ነበራት። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። መጨረሻ ላይ የዱቄቱ ግዢ እንዲቀነስና መጽሔቱ ላይ ሁሉም ሰው እንዲወጣ ተስማማን። ግን የፎቶው ቀን አልፎ ነበር፤ ገጾቹም ማተሚያ ቤት ገብተዋል። ማስገባት የተቻለው ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና ላስት ወርዱን ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሔታችንን የምታገላብጡ ሁሉ አንድ ባዶ ክፈፍ ታያላችሁ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "እናቴ ማንበብ አትችልም። ያገኛት ሰው ያንብብላት።"

በመጽሔታችን ላይ ካሉት ላስት ወርዶች ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። እኔ ግን ገጹን ባየሁ ቁጥር ከቃሉ በፊት ባዶውን ነው የማየው። እዚያ ያልተቀመጠው ፊት የጠፋው በድህነት ብቻ አይደለም፤ በእኔ ማርከርም ነው። የድሮዎቹ ተማሪዎች ከአጥር ውጭ ያለውን ደሃ ወደ በዓላቸው አስገቡት። እኔ ከራሴ አልጋ በላይ የሚተኛውን አስወጣሁት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የዘንድሮ ኮሚቴ ይህን ካነበበ አራት ነገር ልለምን።

አንደኛ፣ መጽሔቱ ከሌላው ሁሉ ይቀድም፤ ከሌላውም ይለይ። ቲሸርትና ዱቄት ለፈለገና ለቻለ ይሁን። ስምና ፎቶ ግን የአብሮነታችን መዝገብ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቀረው እሱ ስለሆነ ማንም እንዳይጎድልበት። ወጪው በትርፍ ማስታወቂያ ወይም በጋራ ካዝና ይሸፈን።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው አንድ ይሁን፤ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ይሁን። መክፈል ያልቻለ ሰው ለአንድ ሰው በጆሮ መንገር ይችላል። በር ላይ ግን ማንም አይችልም።

ሦስተኛ፣ ከቀለም ቀኑ አንድ ሰዓት ተቆርሶ ለቃል ይሰጥ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነን ዓመቱን በድምፅ ማጉያ ጩኸት ብቻ መዝጋታችን ያስተዛዝባል። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ ሰው በአፍ በፈታበት ቋንቋ ሁሉ ይናገር። መንግሥት ፊት መሆኑ ግድ አይደለም፤ ፍሬሾቹ ይስሙት፣ መምህራኑ ይስሙት። ማን ያውቃል፣ ከመሃላችን የሌላውን አንደበት ይዞ የሚወጣ ይገኝ ይሆናል።

አራተኛ፣ የካፌ ወጥ ቤቶቻችን፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች በሽኝቱ ቀን ተጠርተው ይመርቁን። ብዙዎቻችን እናቶቻችን ሩቅ ናቸው፤ በየቀኑ "ደህና አደራችሁ ወይ" የሚሉን እነሱ ናቸው። ምረቃ የሚባለው ነገር ሰጪ ካስፈለገው ከእነሱ የቀረበ ሰጪ ከየት እናመጣለን?

እኔ በበኩሌ ለምረቃዬ ዕለት ገዋኔን ለብሼ ከፎቶው በፊት የሄድኩት ወደ እትዬ ነው። ጎንበስ አልኩ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው መረቁኝ። ከዚያ "ያኛው ልጅስ የታለ?" አሉኝ። ጠራሁት፤ መጣ፤ እሱንም መረቁት።

ለዘንድሮ ተመራቂዎች መልካም ፈተና፣ መልካም ምረቃ እመኛለሁ። ቸር ይግጠመን።